የአባቴ ፊርማና የብርብራው ዛፍ

አባቴ 31 ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ቁም ጽሕፈታቸው በመሥሪያ ቤታቸው ስም ያስጠራቸው ስለነበር የሠርግ መጥሪያ የሚያስጽፍም፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ የሚፈልግም እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጡረታ ገንዘባቸውን ለማውጣት አብረን ወደ ባንክ ሄድን። ሠራተኛዋ የፈረሙትን ከናሙናው ጋር አስተያየችና «አባባ፣ ፊርማው አልተመሳሰለም፤ እስኪ እንደገና ይፈርሙ» አለቻቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ፤ ሦስተኛው ደግሞ መጨረሻው ላይ ተሰብስቦ የጉንዳን እግር አከለ። ልጅቷ በቅንነት የጣት አሻራ ቢያደርጉ እንደሚሻል ስትነግራቸው ብዕሩን አስቀምጠው «አሻራ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ነው» ብለው ወጡ። ከሐዋሳ ፒያሳ እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ድረስ ሳንነጋገር በእግራችን ሄድን። ሲራመዱ ቀኝ እጃቸው እንደማይወዛወዝ መጀመሪያ ያስተዋልኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስበው ምልክቶቹ ፊርማው ከመበላሸቱ ከዓመታት በፊት የጀመሩ ሆነው አገኘኋቸው። እናቴ ቡና ቆልተው ሲያዞሩ አባቴ ጭሱን በመዳፋቸው ወደ አፍንጫቸው ስበው «እሰይ» ማለት ልማዳቸው ነበር፤ አንድ ቀን ግን «ዛሬ ደግሞ የሰነበተ ቡና ነው እንዴ የገዛችሁት?» ብለው ጠየቁ፤ ቡናው በዚያው ሳምንት ከይርጋ ጨፌ የመጣ ነበር። ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው ይጮኹና ይራገጡ ነበር፤ አንድ ጊዜ እናቴን በክርናቸው መትተው ጠዋት ሲነገራቸው አላመኑም። ለሆድ ድርቀታቸው ተልባ ተመታላቸው፤ የትከሻቸውን ሕመም ዘመድ ሁሉ «ብርድ ነው» አለው። በኋላም «ነርቭ ነው» ተባለና ለወራት የቪታሚን መርፌ ተወጉ። ሃይኮ ብራክ የተባሉ ጀርመናዊ የአንጎል ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ያ ሁሉ የቤታችን ታሪክ በአንድ መስመር ተሰለፈልኝ። እነዚህ ሰዎች የሟቾችን አንጎል በስሱ እየቆረጡ ሲመረምሩ፣ አባቴን የያዘው የፓርኪንሰን በሽታ ምልክት መጀመሪያ የሚታየው ሽታን በሚቀበለው የአንጎል ክፍልና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው የቬገስ ነርቭ በሚነሣበት የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል መሆኑን፣ እንቅስቃሴን ወደሚመራው ክፍል የሚደርሰው ከዚያ በኋላ መሆኑን አመለከቱ። ሁሉም ሕሙማን ይህን ቅደም ተከተል አይከተሉም፤ የእኔ አባት ግን እንደ መጽሐፉ ናቸው።

አዲስ አበባ ያየን የነርቭ ሐኪም አባቴን ጣታቸውን እንዲያጋጩ፣ በመተላለፊያው እንዲመላለሱ፣ በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ፊደሎቹ ከመስመሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው እያነሱ ሲሄዱ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ መሃል አንጎል ተቆርጦ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሳለልን፤ ግራና ቀኝ እንደ ጺም የተዘረጉ ሁለት ጥቁር ሰረዞች ነበሩበት። የክፍሉ የላቲን ስም ትርጉምም «ጥቁር ነገር» ማለት ብቻ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ኒውሮሜላኒን ከተባለ፣ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ሲቃጠል ከሚተርፈው ዝቃጭ ከሚሠራ ቀለም ነው፤ ሕፃን ሲወለድ አይኖርም፣ ከዕድሜ ጋር ይከማቻል። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ህዋሳት እንዳሉ ይገመታል፤ በዚያ ጥቁር ሰረዝ ውስጥ ያሉት ዶፓሚን የሚሠሩ ህዋሳት ግን ጥቂት መቶ ሺዎች ናቸው። እንቅስቃሴው መዘግየቱና ሰውነት መገተሩ ለዓይን ሲታይ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አልቀዋል።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሐኪሙ ቢሮ ስንወጣ አባቴ «ይድናል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ በእኔ አእምሮ የሚመላለሰው ሌላ ጥያቄ መሆኑን ዛሬ ስናገር ትንሽ ያሳፍረኛል። ከ86 ቢሊዮን ህዋሳት መካከል እነዚህ ለምን? በሽታው ከጎናቸው ያለውን ጎረቤት ዘልሎ እነሱን የሚመርጠው ምን አይቶ ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነበብኩት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የበሽታውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 ስድስት ሰዎችን መነሻ አድርጎ ስለ ሕመሙ ጻፈ፤ ከስድስቱ አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ሲሄዱ ብቻ ነው። ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በኋላ በፓርኪንሰን ስም ሲጠራው፣ የማይንቀጠቀጡ ሕሙማንም እንዳሉ አስተውሎ ነበር። አባቴ እምብዛም አይንቀጠቀጡም፤ «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ» የሚለው የሰፈር አጠራር ስንት ጊዜ እንዳሳሳተን አሁን ይገባኛል። ፍሪትዝ ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1912 በሟቾች አንጎል ውስጥ ክብ ክብ እብጠቶች አየ፤ ትሬቲያኮፍ ደግሞ በ1919 በዚህ በሽታ የሚጎዳው ጥቁሩ ክፍል መሆኑን አሳየና እብጠቶቹን በሌዊ ስም ጠራቸው። ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ገደማ አለፈና፣ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን ራሱን የቻለ የአንጎል መልእክተኛ መሆኑን አስረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በቪየና ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎች አንጎል ዶፓሚን የተሟጠጠበት መሆኑን አረጋገጡ።

ስለ ባቄላ ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ አባቴ ዛሬ የሚውጡት ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ከእሱ ነውና የተገኘው። ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ከባቄላ ሌቮዶፓን ለየ። ጥቅሙን ለማወቅ 2.5 ግራም ራሱ ዋጠና አስመለሰው፤ ረብ ያለው ነገር አይመስልም ብሎም ተወው። ንጥረ ነገሩ ከ45 ዓመት በላይ እንዲሁ ተቀምጦ ቆየና፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በቪየና በደም ሥር ሲሰጥ መነሣት ያቃታቸው ሕሙማን ተነሥተው ሄዱ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደጉ በአፍ መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ። «እኛ እሸቱን በልተን ገለባውን ለከብት ስንሰጥ፣ እነሱ መድኃኒት አወጡበት» አሉ። ሌቮዶፓ ከደረቀው ፍሬ ይልቅ በለጋው እሸትና በአረንጓዴው ቅርፊት ይበዛል፤ ነገር ግን መጠኑ ከእርሻ እርሻ፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ በእሸት ራስን ማከም በመስፈሪያ የለሽ መድኃኒት መታከም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው ከፕሮቲን በሚገኙት አሚኖ አሲዶች መግቢያ በኩል ስለሆነ፣ ሆድ በሥጋ ሲሞላ ሰልፉ ይረዝምበታል። ሐኪሙ ይህን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ልብ ያልነው በፋሲካ ዕለት ነው። አባቴ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮውንም በጉንም በልተው መድኃኒታቸውን በላዩ ዋጡ፤ ከሰዓት በኋላም ከወንበራቸው መነሣት አቅቷቸው እንግዳ እስኪሄድ ተቀምጠው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚመለከተው የሞቱት ህዋሳት ይሠሩት የነበረውን ዶፓሚን መተካትን ነው። ሌቮዶፓ የቀሩትን ህዋሳት ከመሞት አያድናቸውም። ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ሌላ መንገድ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ያ መንገድ ደግሞ የተከፈተው ማንም ባልጠበቀው አኳኋን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ጥቂት ወጣቶች በድንገት እንደ ሐውልት ደርቀው ሆስፒታል ገቡ። መናገር አይችሉም፣ መንቀሳቀስ አይችሉም፤ መላ ሁኔታቸው ለብዙ ዓመታት በፓርኪንሰን የኖረ ሽማግሌን ይመስላል። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተን ነገሩን ሲከታተሉ፣ ሁሉም በድብቅ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን በደም ሥራቸው ወስደው እንደነበር ደረሱበት። በቅመማው ስህተት ኤምፒቲፒ የተባለ ንጥረ ነገር አብሮ ተፈጥሯል። ኤምፒቲፒ ራሱ መርዝ አይደለም። አንጎል ውስጥ ሲገባ፣ የነርቭ ህዋሳት ረዳት የሆኑት ህዋሳት ኤምኤኦ ቢ በተባለ ኢንዛይም ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል፤ መርዙ ይህ አዲሱ ነው። ዶፓሚን የሚሠሩት ህዋሳት ደግሞ የተረፈ ዶፓሚን መልሰው የሚያስገቡበት የራሳቸው በር አላቸው፤ መርዙ ዶፓሚን መስሎ በዚያ በር ይገባል። ከገባ በኋላ የሚያርፈው ማይቶኮንድሪያ ላይ ነው።

ማይቶኮንድሪያን «የህዋስ ኃይል ማመንጫ» እያልኩ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ስዬአለሁ፤ ተማሪዎቼም በፈተና ላይ ያንኑ ሐረግ መልሰው ይጽፉልኛል፣ እኔም አርማለሁ። ሐረጉ እውነት ቢሆንም እኔ ራሴ እንደ መዝሙር ስለው የኖርኩት ነበር። በማይቶኮንድሪያ የውስጠኛው ሽፋን ላይ ኤሌክትሮኖች ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉባቸው ተከታታይ ጣቢያዎች አሉ፤ ከምግብ የመጣው ጉልበት ህዋሱ ወደሚጠቀምበት ኤቲፒ የሚለወጠው በዚህ ቅብብል ነው። የመጀመሪያውና ትልቁ ጣቢያ ኮምፕሌክስ አንድ ይባላል። የካሊፎርኒያው መርዝ የሚዘጋው ይህንን ጣቢያ ነው። ጣቢያው ሲዘጋ ኤቲፒ ያንሳል፤ መሄጃ ያጡት ኤሌክትሮኖችም ከኦክስጅን ጋር እየተጋጩ ዙሪያውን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይፈጥራሉ። የአባቴ በሽታ በእኔ ሰሌዳ ላይ፣ በእኔ ጠመኔ ሲሳል መኖሩን ያን ጊዜ አየሁ።

እዚህ ላይ ነው የብርብራው ዛፍ የሚመጣው። በግቢያችን ጥግ አንድ ትልቅ ብርብራ አለ። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ሲሆን፣ በሲዳማ ገጠር ለቡና ጥላነት ይፈለጋል። በልጅነታችን ትልልቆቹ ልጆች የደረቀ ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ሲበትኑት፣ ዓሦቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፉ ነበር። ዛሬ በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጡት ዓሣ አጥማጆች መረብ ነው የሚጥሉት፤ ብርብራ ግን በአገራችን ብዙ ቦታ ለዓሣ ማስገሪያ ሲያገለግል የኖረ ዘዴ ነው። በፍሬው ውስጥ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሮቴኖን ይባላል። ሮቴኖን ዓሣውን የሚገድለው ውኃው ውስጥ አየር ስላጠፋ አይደለም፤ አየሩ አለ፣ ዓሣውም ይተነፍሳል፣ ነገር ግን ህዋሳቱ ኦክስጅኑን ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ምክንያቱም ኮምፕሌክስ አንድ ተዘግቷል። የካሊፎርኒያው መርዝ የሚዘጋውን ያንኑ ጣቢያ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቲም ግሪናሚር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለአይጦች ሮቴኖንን በትንሽ በትንሹ፣ ያለማቋረጥ በደም ሥር ሰጡ። ውጤቱን ሳነብ ደጋግሜ የተመለስኩበት አንድ ነጥብ አለ። ሮቴኖን እንደ ኤምፒቲፒ የተለየ በር አያስፈልገውም፤ በስብ ስለሚሟሟ የማንኛውንም ህዋስ ሽፋን እንደልቡ ያልፋል። በአይጦቹ አንጎልም ኮምፕሌክስ አንድን የዘጋው በሁሉም ቦታ እኩል ነበር። ሆኖም ሞት በርትቶ የታየው ዶፓሚን በሚሠሩት በእነዚያ ጥቁር ህዋሳት ላይ ነው፤ የሌዊን እብጠት የሚመስሉ ክምችቶችም ታይተዋል። መርዙ ለሁሉም እኩል ደረሰ፤ የሞቱት ግን እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ምርጫው የመርዙ ሳይሆን የህዋሱ ነው ለማለት እደፍራለሁ። (አንባቢ ተሳስቶ ብርብራውን እንዳይቆርጥ ልጨምር፤ ጥላው ሥር መቀመጥም ሆነ በብርብራ የተያዘ ዓሣ መብላት ከእነዚያ አይጦች የደም ሥር መርፌ ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም።)

እንግዲህ እነዚህን ህዋሳት ከሌሎቹ የሚለያቸው ምንድን ነው? ያነበብኩት ነገር ሁሉ የሚያመራኝ ወደ አንድ መልስ ነው፤ ከአቅም በላይ ሥራ። አንድ የጥቁሩ ክፍል ህዋስ መልእክቱን የሚያደርስበት ክር እንደ ዋርካ ሥር ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሆናል። በሰው ውስጥ የአንዱ ህዋስ ክር ቅርንጫፎቹ ሁሉ ተደምረው እስከ 4.5 ሜትር እንደሚደርሱ፣ ከሌሎች ህዋሳት ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦችም ከ1 ሚሊዮን እስከ 2.4 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። በዚያ ሁሉ ርቀት ኃይል ማቅረብ፣ ያረጀውን ማንሣትና አዲሱን መላክ ያለበት በዓይን የማይታይ አንድ ትንሽ የህዋስ አካል ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ህዋሳት ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ እንደ ልብ ምት በየሴኮንዱ ጥቂት ጊዜ የራሳቸውን ምት ይመታሉ፤ በእያንዳንዱ ምት ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሱን መልሶ ለማስወጣትም ኤቲፒ ይከፈላል። የሚሠሩት ዶፓሚንም ቢሆን በቦታው ካልተቀመጠ ራሱ ተቃጥሎ ህዋሱን የሚጎዳ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ገቢውና ወጪው እኩል ሆኖ የሚኖር ቤት ነው፤ መብራት ለአንድ ቀን ሲጠፋ ጎረቤቱ ይታገሣል፣ እሱ ግን ይዘጋል።

ይህ ማብራሪያ እጅግ ማረከኝ፤ ስለዚህም የደረሰበትን መከራ መደበቅ አልፈልግም። የካልሲየሙ ሸክም ቢቀል ህዋሳቱ ይቆያሉ በሚል ተስፋ፣ ለደም ግፊት የሚሰጠውን ኢስራዲፒን የተባለ መድኃኒት 336 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ለ3 ዓመት ሞከሩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ፤ በሽታውን አላዘገየውም። ምናልባት መጠኑ አንሶ፣ ምናልባትም ዘግይቶ ተጀምሮ ይሆናል ይላሉ የነገሩ ባለቤቶች። እኔ በዚያን ቀን ከክፍል ወጥቼ በመምህራን ማረፊያ ውስጥ በስልኬ ሳነበው፣ የራሴ ተማሪ የወደቀ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ኃይል ማመንጫው አንድ ወገን ነው፤ ሌላው ወገን ቆሻሻ ማስወገጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ጣሊያን ከምትገኘው ኮንቱርሲ የመነጨ አንድ ትልቅ ቤተሰብና ጥቂት የግሪክ ቤተሰቦች ተመርምረው፣ አልፋ ሲኑክሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዝዘው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል የምታህል ለውጥ ተገኘች። በዚያው ዓመት ማሪያ ግራትሲያ ስፒላንቲኒና ባልደረቦቻቸው የሌዊ እብጠቶች በዚሁ ፕሮቲን የተሞሉ መሆናቸውን አሳዩ፤ ዘረመሉ በተገኘበት ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ አባቴ በዘር ያልወረደባቸው ሰዎች ላይም ጭምር። አልፋ ሲኑክሊን 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን በጤናማ ህዋስ ውስጥም ሥራ አለው። ችግሩ ሲበዛ ወይም ቅርጹ ሲበላሽ እርስ በርሱ እየተጣበቀ መከመሩ ነው። በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘረመሉ ምንም ሳይበላሽ ቁጥሩ ብቻ በመብዛቱ በሽታው መጥቷል።

የተከመረውን የሚያነሣው ላይሶዞም የተባለው የህዋስ ክፍል ነው። እዚህ ላይ አንድ አሠራር ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምጠቀምበትን ምሳሌ ልጥቀስ። ማዘጋጃ ቤት መንገድ ሲያወጣ የሚፈርሱትን ቤቶች በቀይ ቀለም ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አፍራሹ የሚመጣው። ማይቶኮንድሪያ ሲበላሽ ፒንክ ዋን የተባለ ፕሮቲን በላዩ ላይ ይሰበሰባል፣ ፓርኪን የተባለውን ሁለተኛ ፕሮቲን ይጠራል፤ ሁለቱ ተባብረው የተበላሸውን በምልክት ይሸፍኑታል፤ ላይሶዞምም መጥቶ ያፈርሰዋል። ፓርኪን እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን፣ ፒንክ ዋን በ2004 ተገኙ፤ ሁለቱም የተገኙት በወጣትነታቸው በፓርኪንሰን በተያዙ ሰዎች ዘረመል ውስጥ ነው። ቀለም ቀቢው ከጠፋ የተበላሸው ቤት እንደቆመ ይቀራል፤ አፍራሹ ከደከመ ደግሞ ምልክት የተደረገባቸው ቤቶች ሰፈሩን ያጣብቡታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሌዊን እብጠቶች በረቂቅ አጉሊ መነጽር የተመለከቱ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ንጹሕ የፕሮቲን ክምር ሳይሆኑ የተቀዳደደ ሽፋን፣ የተበላሸ ማይቶኮንድሪያና የላይሶዞም ርዝራዥ የታጨቀባቸው መሆናቸውን ሲጽፉ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተገኙ ማለት ነው።

በዚሁ ወገን ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ግኝት አለ። ጂቢኤ ዋን የተባለው ዘረመል በላይሶዞም ውስጥ ቅባት የሚፈጭ ኢንዛይም ያዝዛል፤ ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ ጎሼ የተባለ በሽታ ያመጣል፣ ከአንዱ ብቻ ሲወረስ ደግሞ ለፓርኪንሰን ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በናይጄሪያና በሌሎች አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ተባብረው፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኝ፣ በአውሮፓውያን ግን እምብዛም የማይታይ የዚህ ዘረመል ልዩነት አገኙ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የዘረመል ጥናቱ አብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ላይ ተሠርቶ ለዓለም ሁሉ ይነገር ነበር። የአንዱን ሰፈር በር ብቻ አንኳኩቶ የከተማውን ቁጥር መናገር እንደማለት ነው።

በር ስለማንኳኳት ካነሣሁ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት ያደረጉትን ጥናት ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚያ ጥናት 60,820 ሰዎች ታዩ፤ ፓርኪንሰን የተገኘባቸው በ100,000 ሰው 7 ያህል ነበሩ። በበለጸጉት አገሮች ከ60 ዓመት በላይ ካሉ ሰዎች መካከል 1 በመቶ ገደማ እንደሚሆኑ ስናስብ ቁጥሩ ትንሽ ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት በመሆኑ ማነሱ አይገርምም፤ አባቴ ስንት ዓመት «ብርድ» ሲባሉ እንደኖሩ የማውቅ እኔ ግን በዚያ ትንሽ ቁጥር ላይ ሙሉ እምነት የለኝም።

እኚሁ ፕሮፌሰር የጓያንም ነገር አጥንተዋል። ድርቅ ሲሆን ሌላው እህል ይሞትና ጓያ ይተርፋል፤ ድሃው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግሩ ይያዛል፣ በምርኩዝ ይቀራል። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ የአንጎልን ህዋሳት ከልክ በላይ በማነቃቃት ይጎዳል፤ ነገር ግን የሚጎዳው እግርን የሚያዝዙትን ረጃጅም የነርቭ ህዋሳት ነው እንጂ ዶፓሚን የሚሠሩትን አይነካም። በአገራችን ገበሬ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ «ጓያ እግር ይሰብራል» ይባላል፣ እጅ ይሰብራል አይባልም። እያንዳንዱ የህዋስ ዓይነት የራሱ የኑሮ ሁኔታ፣ የራሱም ድካም አለው፤ ገበሬው ይህን ያወቀው ማይክሮስኮፕ ሳይኖረው ነው። ፓርኪንሰንን አንድ ምክንያት ያለው አንድ በሽታ አድርጎ ማየት ያልተዋጠልኝም ለዚህ ነው። በአንዱ ሰው ኃይል ማመንጫው ቀድሞ ይደክም ይሆናል፣ በሌላው ቆሻሻ ማስወገጃው፤ ሁለቱ አንዱ አንዱን እየጎተተ እዚያው ጥቁር ሰረዝ ላይ ይገናኛሉ። የአልፋ ሲኑክሊንን ክምር ለማጽዳት የተዘጋጁ ሁለት የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የታለመላቸውን ዋና ውጤት ሳያሳዩ ሲቀሩ ብዙ ሰው አዘነ፤ እኔም አዝኛለሁ፣ አልተገረምኩም ግን።

አባቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው በትዕግሥት ይሰማሉ። አንድ ማታ ስለዚያ 4.5 ሜትር ክርና ስለማያርፈው ምት ሳወራላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔም መዝገብ ቤት ብቻዬን ነበርኩ እኮ» አሉ። ከእሳቸው ጡረታ በኋላ ቦታው ለሦስት ሰዎች መከፈሉን ያኔ አስታወስኩ።

ያነበብኩት ነገር ለአባቴ ያተረፈላቸው ሰዓትን ማወቅ ነው። መድኃኒቱ ከተዋጠ ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ እጃቸው ይፈታል፤ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህልም ይቆያል። ባለፈው ወር ወደዚያው ባንክ ስንሄድ ቁርስ አልበሉም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ውጠው በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን፤ እሳቸው ጸለዩ፣ እኔ ሰዓቴን አየሁ። 3 ሰዓት ከ45 ላይ ጣታቸውን ሲያጋጩ ፍጥነቱ ጥሩ ነበር፤ ተነሣን። የናሙናው ካርድ እንዲቀየር አመለከትን፤ ሦስት ጊዜ መፈረም ነበረባቸው። የመጀመሪያው የድሮው አባቴ ነበር፣ ሁሉም ፊደል በቁመቱ። ሁለተኛው ትንሽ አነስ አለ። ሦስተኛው ከሁለተኛው አነሰ፣ ግን ይነበባል። ሠራተኛዋ ማኅተሙን ስታነሣ አባቴ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ወደፊት ስመጣ ከሦስቱ የትኛውን ነው የምታስተያዩት?» ብለው ጠየቋት።

«ሦስቱንም፣ አባባ» አለችና ካርዱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈች።